አይስክሬም በድፎ ዳቦ

ዓምና የፋሲካ ዕለት ጠዋት በእትዬ ውዴ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። አከራያችን እትዬ ውዴ፣ አዲስ ነጠላቸውን አጣፍተው በራቸው ላይ ወንበር አስወጥተው። ለበዓል ቤተሰቦቹ ጋ መሄድ ያልቻለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እንደኛው ተከራይ፣ ቢኒያም። ልጄ ቤዛ። ትንሹ ልጄ ዮናስ። እኔ። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የመጣችው ማንጠግቦሽ። የማንጠግቦሽ ልጅ ብርቄ። የማንጠግቦሽ አባት፣ የብርቄ አያት፣ የእኛ ጎረቤት አያ ታረቀኝ። ባለቤቴ አልነበረም፤ ሹፌር ስለሆነ በዓሉን መተማ መንገድ ላይ ነው የዋለው። የእትዬ ውዴን ድመትም መቁጠር አለብኝ፤ የዚያን ጠዋት አይስክሬሙን ከሁላችን ቀድማ የቀመሰችው፣ ቀምሳም ጥላው የሄደችው እሷ ናት። ያኔ ድመቷን ልብ ያላት ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ የት እንዳለ የማይታወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የማውቀውን ግን እንደ አመጣጡ አስቀምጣለሁ።

አያ ታረቀኝ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። አንቱ ስለው ግን አልወደደም። «ተራራ ላይ አንቱ እየተባለ በቅሎ የጫነ የለም፤ አንተ በይኝ» አለኝ። ስለዚህ አንተ እያልኩት ኖርኩ፤ አሁንም እንደዚያው ልጻፍ።

ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ማራኪ፣ የመጣው ቱሪስት ከሰሜን ተራሮች በጠፋበት ጊዜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቱሪስት ምግብ አብሳይ ነበር። ድንኳንና ድስት በበቅሎ አስጭኖ ከፈረንጆቹ ቀድሞ ይወጣና፣ እነሱ እግራቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ሾርባ አፍልቶ ይጠብቃቸዋል። ቱሪስቱ ሲቀር አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ ፊሽካና ዚፑ የተበላሸ ቀይ ጃኬት ይዞ ወረደ። ጃኬቱን በሲባጎ ነው የሚያስረው። እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየና መንገድ ዳር ለተማሪዎች ድንች እየጠበሰ መሸጥ ጀመረ። ዘይቱ ሲፈናጠቅ ስለማየው ልጆቼን ከትምህርት ቤት ስመልስ በወዲያኛው ጠርዝ ነበር የማሳልፋቸው። እሱ ደግሞ ከማዶ ፊሽካውን ይነፋና «ግሩፑ ደረሰ!» ብሎ ይጮሃል። ልጆቼ እጄን አስለቅቀው፣ መኪና አይሉ ባጃጅ አይሉ፣ ወደ ዘይቱ ይሮጣሉ።

ልጆችን ሁሉ «ግሩፕ» ይላቸዋል። እኔን «ስካውት» አለኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው፣ በተራራው ላይ ከቱሪስቶቹ ኋላ ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ ጠባቂ ማለት እንደሆነ ነገረኝ።

«ቀኑን ሙሉ ከኋላ ይሄዳል፤ ምንም አይመጣም፤ እሱ ግን ዞር ዞር እያለ ያያል። ልክ እንዳንቺ።»

«አንድ ቀን ቢመጣስ?» አልኩት።

«እሱም እንዲሁ ይላል» አለኝ።

ወሬው አያልቅም። ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ ኬክ ጋግሯል። አንዲት ፈረንጅ በእሱ ፓንኬክ ምክንያት ባሏን ልትፈታ ደርሳ ነበር። አንድ ጀርመናዊ ደግሞ ሾርባውን ሲጠጣ እንባው ወርዷል።

«ለምን አለቀሰ?» አለው ቢኒያም።

«እናቱን አስታውሶ።»

«ሽንኩርት በዝቶበት ቢሆንስ፣ አያ ታረቀኝ?»

«አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ይህን ነው የተማርኸው?»

አያ ታረቀኝ ሁለት አባባሎች ነበሩት፤ ማንኛውንም ጥፋት በሁለቱ ይሸፍን ነበር። ድንቹ ሲያርበት «ፈረንጅ እንዲህ ነው የሚወደው» ይላል። ሌላ ነገር ሲበላሽ ደግሞ «ሰው ሞተ እንዴ?» አንድ ቀን ልጆቼ ኳስ ለማውረድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥተው አገኘኋቸው። መሰላሉን ደግፎ ያቆመላቸው እሱ ነው። እኔ ስጮህ ደነገጠና መሰላሉን ለቀቀው፤ ወድቆ ተሰበረ።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ።

«አልሞተም።»

«እንግዲያ ምነው ትጮሂያለሽ?»

ልጆቼ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ መሰላሉ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ መልስ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። አጥፍቻለሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ እንዲያውም ያጠፋው ሌላ ሰው ይመስለዋል መሰለኝ።

ሁዳዴው እየተጋመሰ ሳለ አንድ ከሰዓት ቆቡን በእጁ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው ስለማላውቅ አንድ ነገር ደረሰ ብዬ ተነሣሁ።

«የቤዛ እናት፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለ። ስካውት ሳይለኝ ሲቀር ነገሩ የምር እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ የልጅ ልጁ ነው። ብርቄ የቤዛ እኩያ ናት። በእነሱ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ክፍል ካየች ቆይታለች፤ ሁለተኛ ክፍል ላይ እንደቆመች ቀርታለች። አያ ታረቀኝ እሱ ጋ ሆና እንድትማር ፈልጓል። እናቷ ማንጠግቦሽ ግን አላመነችውም። በመጨረሻ «ለፋሲካ ይዣት እመጣለሁ፤ አያያዝህን አያለሁ። ልጅ ማሳደግ የምትችል ከሆንህ ትቻት እሄዳለሁ፣ ካልሆነ በማግስቱ ይዣት እመለሳለሁ» ብላ ልካበታለች።

«ምነው የገዛ አባቷን አታምንም?» አልኩት።

«እሷ ልጅ ሆና እኔ ተራራ ላይ ነበርሁ» አለ። ቆቡን በእጁ እያዞረ «አንቺን ግን ታምናለች» አለኝ። «ፊትሽን አይታ ታምናለች። የተጨነቀ ሰው ፊት ነው። እዚህ ደህና ትሆናለች በያት፤ አንድ ቃል ብቻ።»

በልቤ ደነገጥኩ። እኔ ለገዛ ልጆቼ እንኳ ደህና ይሆናሉ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ለመሰላል ደጋፊ ዋስ ልሆን?

«ያየሁትን እነግራታለሁ» አልኩት።

«እንግዲያማ ሸጋ ነገር አሳይሻለሁ!» አለና ቆቡን መልሶ አጠለቀ። ሸጋ ያለው ነገር አይስክሬም መሆኑን የሰማሁት ከልጆቼ ነው። ለፋሲካ ተራራ ላይ ለፈረንጆች እንደሚሠራው በብስኩት መሃል የተደረገ አይስክሬም ሊሠሩ፣ ብርቄም አብራ ልትሠራ፣ ማንጠግቦሽም አይታ «እንዲህ ያለ አያት ከየት ይገኛል!» ልትል ነው።

እናትና ልጅ ሐሙስ ደረሱ። ማንጠግቦሽ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ክፍሉን ከመግባቷ በፊት ከደጅ ቆማ አየችው፤ ድስቱን፣ አልጋውን፣ በምስማር የተንጠለጠለውን ፊሽካ። ብርቄ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች። ለክፋት አይደለም፤ ዓይኗ ያየውን አፏ ይከተላል። ለእትዬ ውዴ «ግድግዳው ተሰንጥቋል» አለቻቸው። እትዬ ውዴ ኪራይ በጨመሩ በሳምንቱ ስለሆነ ቢኒያም ይህችን ልጅ በጣም ወደዳት። ለእኔ «ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል» አለችኝ። ለቤዛ «ጫማሽ ግራና ቀኝ ተቀያይሯል» አለቻት፤ እውነቷን ነበር።

ቅዳሜ ሥራው ተጀመረ። መብራት ከዓርብ ጀምሮ የለም። «ፍሪጅ ተማምነህ ነበር?» አለው ቢኒያም። አያ ታረቀኝ ሳቀበት። «እኔ ከፍሪጅ በላይ ነኝ» አለና ጆንያ ይዞ ወጣ፤ ከአሳ ሻጮች በረዶ አምጥቶ መጣ። ከደጅ ጀምሮ አሳ አሳ ይሸታል። በረዶውን በውሃ ላጥበው ስል ከእጄ ቀማኝ።

«በረዶ በውሃ የምታጥብ ሴት ዛሬ አየሁ! ምን ልታስቀሪልን ነው?»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወተትና ስኳሩ ክዳን ባለው በዱቄት ወተት ጣሳ ይገባል። ጣሳው በቀለም ባልዲ መሃል ይቀመጣል። በዙሪያው በረዶና ደቃቅ ያልሆነ ጨው ይሞላል፤ ጨው በረዶውን የባሰ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ባልዲው ተከድኖ፣ በገመድ ታስሮ፣ ወተቱ እስኪረጋ ይንከባለላል። የቀለም ባልዲ መሆኑን ስሰማ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ወተቱንም እኔ ነኝ ያፈላሁት፤ አንዴ ገንፍሎ ሲወርድ እንደገና አፈላሁት፣ ከዚያም ለጥንቃቄ ሌላ ዙር።

«ይህ ወተት ኑዛዜውን ጨርሷል፤ ተይው ይሙት» አለኝ።

ስኳሩ ሲጨመር ችግር መጣ። ማን ይቅመሰው? ሁላችንም ጾመኞች ነን። ወተት አይደለም ውሃ የምንጠጣበት ሰዓት አልነበረም፤ ማንጠግቦሽና እትዬ ውዴማ ከስቅለት ጀምሮ አክፍለው እህል በአፋቸው አልዞረም። ቤዛና ብርቄም ሰባት ዓመት ስላለፋቸው ይጾማሉ። ቀማሽ ሆኖ የተገኘው ለጾም ያልደረሰው ዮናስ ብቻ ነው። ዶሮውንም ስሠራ እሱን ነው ያስቀመስኩት፤ የሁላችን ፋሲካ በአንድ የአራት ዓመት ልጅ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ዮናስ ማንኪያውን ላሰና «ይጨመር» አለ። ጨመሩ። «ይጨመር» አለ። ሦስተኛ ሲል እኔ ማንኪያውን ወሰድኩ።

አያ ታረቀኝ ጣሳውን ሲከድን ክዳኑ አንድ ወገን ቀና አለ። በጡጫ መታው። ሌላው ወገን ቀና አለ።

«አልገጠመም» አለች ብርቄ።

«ይገጥማል። በረዶ ሲነካው ይሰበሰባል» አላትና ባልዲው ውስጥ ቀበረው።

ፊሽካው ተነፋ። «ግሩፑ ተነሣ!» ልጆቹ ባልዲውን ግቢው ውስጥ ማንከባለል ጀመሩ። መጀመሪያ በእጅ ነበር። ከዚያ በእግር ሆነ። ከዚያ ዮናስ በሆዱ ተኛበትና ከባልዲው ጋር ዞረ። እኔ ባልዲው እግር እንዳይሰብር፣ ግድግዳ እንዳይመታ፣ ድመቷን እንዳይጨፈልቅ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር፤ ስካውት ያለኝ ያለ ነገር አይደለም። ቀና ስል ግን ብርቄ ስትስቅ አየኋት። ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን አላየሁትም ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ባልዲውን እየገፋች፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። ማንጠግቦሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ልጇን አየች። ባልዲውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ዓይኔን ወደ ድመቷ መለስኩ።

ባልዲው ሲከፈት እውነትም ረግቷል! ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያበራ ነገር። አያ ታረቀኝ በደስታ ዘለለ። ዮናስ ትንሽ በማንኪያ ጫፍ ተሰጠው። አፉ ሲያስገባው ፊቱ ተጨማደደ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ብርድ ነው! ደረቱን ሊመታው ነው!» ብዬ ማንኪያውን ነጠቅሁት።

«ልጅ መጀመሪያ ሲቀምስ እንዲህ ነው፤ የፈረንጆቹም ልጆች እንዲሁ ናቸው» አለ አያ ታረቀኝ።

«ጥርሱን ቢሆንስ?» አሉ እትዬ ውዴ። ዮናስን ግን ምን ሆንህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ መብራት መጣ። እትዬ ውዴ የበራውን አምፖል አዩ፣ ግቢው ላይ የፈሰሰውን በረዶ አዩ። «አሁን ይህ ሁሉ ግልበጣ ለምን አስፈለገ?» አሉና ጣሳውን ወስደው ፍሪጃቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ማንጠግቦሽ ወደ እኔ ክፍል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርት አንሥታ መላጥ ጀመረች።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «እሱ ጋ ልጅ ይኖራል?»

«ደግ ሰው ነው» አልኩ።

«ደግነቱን አልጠየቅሁሽም። ልጅ ሆኜ ይመጣል ሲሉኝ መንገድ ዳር ወጥቼ ስጠብቀው እመሽ ነበር። ሲመጣም ቀርቼ ነበር አይልም፤ ደርሻለሁ ነው የሚል። የቀረውም ልክ ነው፣ የመጣውም ልክ ነው።» ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «አንቺ ልጆችሽን ለእሱ ትተሽ ትሄጃለሽ?»

ያየሁትን እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ያየሁት ደግሞ መሰላሉን ነው፣ ዘይቱን ነው፣ የብርቄንም ሳቅ ነው።

«ለትንሽ ጊዜ እተዋለሁ» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጥቼ አያለሁ።»

ሳቀች፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ። «እንግዲህ ነገ ይታያል» አለችና ሽንኩርቷን አነሣች።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን፣ ፈስከን፣ ትንሽ አረፍ ብለን ሲነጋ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ቢኒያም ለአይስክሬሙ ያመጣው ብስኩት የለም። ሲፈለግ መጠቅለያው ከዮናስ ትራስ ሥር ተገኘ። አያ ታረቀኝ ግን አልደነገጠም። «ብስኩት ለፈረንጅ ነው» አለና የእትዬ ውዴን ድፎ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ፣ በሁለት ቁራሽ መሃል አይስክሬሙን እየሞላ ለልጆቹ ያቀብል ጀመር። ልጆቹ ደግሞ ለእኛ ያድላሉ። የኮባው ሽታ ያለበት ሞቅ ያለ ዳቦ፣ መሃሉ በረዶ። ነጭ ጠብታ መሬት ወረደች፤ ድመቷ መጣች፣ ላሰች፣ አፏን በመዳፏ ጠርጋ ሄደች።

እትዬ ውዴ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው መረቁና ሁላችንም ጎረስን።

ከተማ ኖሬ አይስክሬም አልፎ አልፎ ቀምሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አይደለም። ባሕር የጎረስኩ መሰለኝ። እትዬ ውዴ መሐረባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ቤዛ የጎረሰችውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቀረች። ቢኒያም እንደ ምንም ዋጠውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። በኋላ «የጀርመኑ ነገር አሁን ገባኝ» አለኝ። ዮናስ ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ አልጎረሰም። እሱ ከትናንት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ማንጠግቦሽ ብቻ ትበላለች። አይስክሬም ቀምሳ አታውቅም። እንዲህ ነው የሚባለው ብላ፣ ሰው ቤት ምግብ እንደቀረበለት እንግዳ፣ ፊቷን ሳታጠቁር፣ እየቆረሰች ታላምጣለች። «ሸጋ ነው» አለች። እሷ እየበላች እኛ ማስቀመጥ አፈርንና ሁላችንም ሁለተኛ ጎረስን።

አያ ታረቀኝ እየሞላ እያቀበለ ስለነበር ራሱ አልቀመሰም። ደረቱ ተነፍቶ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ያያል።

«አባባ» አለች ብርቄ። «ይህ ጨው ነው።»

ማንጠግቦሽ ማላመጧን አቆመች። እኔ ብርቄን አሁን በጎተትኳት፣ አፏን በያዝኳት ብዬ ነበር፤ የልጅቷ ትምህርት በዚያች ቃል ሲያልቅ ታየኝ።

«ፈረንጅ እንዲህ ነው...» ብሎ ጀመረ አያ ታረቀኝ።

ብርቄ የራሷን ዳቦ ዘረጋችለት። «ቅመሰው።»

ተቀበላት። ጎረሰ። ብዙ ጊዜ አላመጠው። ልንገምት የምንችለውን ሁሉ በልባችን አዘጋጅተንለት ነበር፤ ከፍታው ነው፣ ወተቱ ነው፣ እኔ አብዝቼ ማፍላቴ ነው። እሱ ግን ዋጠና ቆቡን አወለቀ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ክዳኑ አልገጠመም ነበር። ነግራኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያንከባለልሁት። አበላሽቸዋለሁ።»

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለ ዮናስ።

ቢኒያም ሳቁ ፈንድቶ ወጣ። እትዬ ውዴ መሐረባቸውን ጣሉት። ቤዛ የያዘችውን መሬት ላይ ተፋችው፤ ያን ቀን አልተቆጣኋትም። ማንጠግቦሽ ብቻ አልሳቀችም።

«ምን አልህ?» አለችው አባቷን።

«አበላሽቸዋለሁ አልሁ።»

«ድገመው።»

ደገመው። ድምፁ አነሰ እንጂ ቃሉን አልቀነሰም።

ማንጠግቦሽ የቀረውን ዳቦ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች። «ከተወለድሁ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቸው አላውቅም» አለች። «እኔ እንዲህ ብየው ቢሆን ኖሮ ኩርኩም ነበር የሚያቀምሰኝ። እሷን ሰማት። እንግዲህ እዚህ ትቅር።»

አያ ታረቀኝ መቀመጫ ፈለገና የበረዶው ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ግን» አለችኝ ማንጠግቦሽ፤ «ወጥተሽ እያየሽ።»

በማግስቱ ብቻዋን ወጣች።

ብርቄ ክረምቱን ከቤዛ ጋር ስታጠና ከርማ በመስከረም ትምህርት ቤት ገባች። አያ ታረቀኝ ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። ወሬው እንደዚያው ነው፤ የጨው አይስክሬሙም በወሩ «በውጭ አገር ውድ የሆነ ዓይነት» ሆኖ ሲተረክ ሰምቻለሁ። ግን ብርቄ አጠገቡ ከሆነች ወሬው መሃል ላይ ቆም ብሎ ያያታል። እሷ «አይደለም» ካለች «አይደለም» ይላል። ድንቹን እየቀመሰ መሸጥ ጀመረ። መሰላሉንም አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀው ጠገነው፤ እኔ ወጥቼ ሳየው «ምን ታያለሽ፣ ስካውት?» አለኝ። ቃሌ ነበረና በየቀኑ ወጥቼ አይ ነበር። ልጅቷ ሁልጊዜ ደህና ነበረች። ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል።

በጥቅምት አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም፣ ለአያ ታረቀኝ «ተራራው ላይ ግሩፕ ሊመጣ ነው፤ አብሳይ ይፈልጋሉ» አለው። ያን ቀን ማታ ድስቱን ፈገፈገ። ቢኒያም ከየት ይመጣሉ ብሎ ጠየቀው፤ እትዬ ውዴ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እየሰማህ ምነው ትሄዳለህ አሉት። እኔ ምን እንዳልኩት መናገር አያስፈልግም፤ የምለውን ሁሉ ብያለሁ።

ደባርቅ የሚሄደው መኪና ላይ ሲወጣ ፊሽካውን ለብርቄ ሰጣት።

«ያለ ፊሽካ ግሩፑን እንዴት ትሰበስባለህ?» አለችው።

«እውነትሽን ነው» አላት። ግን አልወሰደውም። ወደ እኔ ዞሮ «ግሩፑን ለስካውቷ ትቻለሁ። አንድ ጉዞ አብስየ መጣሁ» አለ። ማልቀስ ስጀምር አየኝና ሳቀ። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ስልኩ አይሠራም። ማንጠግቦሽ በገበያ ቀን ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ትደውላለች። እሷ «መጣ ወይ?» ትላለች፤ እኔ «አየሽው ወይ?» እላለሁ። እሷ ጋ አልደረሰም። ግሩፕ መጣ የሚልም አላገኘችም። ብርቄን መልሺልኝ ትለኛለች ብዬ ስፈራ ነበር፤ «አንቺ ጋ ትሁን፤ ስትናገር ሰሚ ያስፈልጋታል» አለችኝ። ብርቄ ከቤዛ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለች። ማታ ማታ ወጥቼ ማየት አያስፈልገኝም፤ ቢሆንም ተነሥቼ አያለሁ።

አሁን እንደገና ሁዳዴ ነው። ልጆቹ ለፋሲካ አይስክሬም ይሠራ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብርቄ ጣሳውን ከአያቷ ክፍል አውጥታ ክዳኑን ሞከረችው። «አሁንም አይገጥምም፤ ሌላ ጣሳ ያስፈልጋል» አለች። ባልዲውን እኔ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። እንዲሠራ እፈቅዳለሁ መሰለኝ። ማን እንደሚነፋው አላውቅም እንጂ ፊሽካውም አለ።

ያቺን የእሱን «ሰው ሞተ እንዴ?» አሁን የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የምፈልገውም መልስ ያኔ እኔ ስሰጠው የነበረው ያው ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ በኩል የምታልፉ፣ አያ ታረቀኝ የሚባል፣ ዚፑ የማይሠራ ቀይ ጃኬት በሲባጎ የሚያስር፣ ትልቅ ድስት የያዘ ሽማግሌ አይታችሁ ከሆነ፣ የት እንዳለ ለእኔ፣ ለማራኪ ሰፈሯ የቤዛ እናት፣ ንገሩኝ። እሱንም ካገኛችሁት ብርቄ ደህና ናት፣ ሦስተኛ ክፍል ናት በሉት።